በገብሱ መሃል የሮጠው ነብር

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ። ድሮ ልጆች ፊደል ሳስቆጥር እጄ ፈጣን ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግን አንድ መስመር እጽፍና በመስኮቱ ወደ ውጭ አያለሁ፤ ሌላ መስመር እጽፍና ሻዩ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። የዛሬውን ታሪክ ስጽፍ ግን የሚያስቆመኝ ሐዘን ሳይሆን ሳቅ ነው። ደጋግሜ ጀምሬ፣ ደጋግሜ ብቻዬን ስቄ ትቼዋለሁ። ዛሬ ልጨርሰው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ እኖራለሁ። ሁለት ክፍል ለተማሪዎች አከራያለሁ። ባለቤቴ ተፈሪ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በቤታችን ቀልደኛው እሱ ነበር፤ እኔ ሳቂዋ ነበርኩ። እሱ ሲሄድ ሥራዬም አብሮ የሄደ መሰለኝ። ሬዲዮ ላይ ቀልድ ሲጀመር ተነሥቼ አጠፋለሁ። ተከራዮቼ ሲሳሳቁ እኔ ብቅ ስል ዝም ይላሉ። አትሳቂ ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም፤ ግን የለበስኩት ጥቁር ቀሚስ እንዲህ ያለውን ነገር የሚከለክል ይመስለኝ ነበር።

ዮናስ የሚባል ልጅ ድሮ ተማሪ ሳለ እኔ ቤት ተከራይቶ ኖሯል። አሁን ተመርቆ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ጋ ይሠራል። አንድ ቀን መጣና በደጋው ቀበሌዎች የልጆችን ድህነት የሚለካ ጥናት ስላለ፣ ከእናቶች ጋር ተቀምጦ ማውራት የሚችል የተማረ ሰው እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ከቤት ሊያወጣኝ ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል። አንገራገርኩ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ጫማዬን አድርጌ ጠበቅኩት።

ሥልጠናውን የሰጠችን ድምፅዋ ዝግ ያለ ሐኪም ናት። የልጅን ድህነት በአባቱ በሬ አትለኩት፤ በሬ ያለው ቤት ውስጥም ምሳ የማይበላ ልጅ አለ፤ ልጁ ራሱ ምን ጎደለው ብላችሁ ጠይቁ አለችን። ጫማ አለው ወይ? የሚለብሰው ብርድ ልብስ አለው ወይ? እኩለ ቀን ላይ ምን ይበላል? ሁለት ጥብቅ ትእዛዝ ነበራት። አንደኛው፣ አለ የተባለውን ነገር ሁሉ በዓይናችን እንድናይ ነው። ሁለተኛው፣ ከመልሱ ምን እንደሚከተል ለቤተሰቡ እንዳንናገር። የሚከተለውን ግን እኛ እናውቅ ነበር፤ ብዙ ነገር የጎደላቸው የመንደር ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ቅድሚያ የተማሪዎች ምሳ ይጀመራል።

እኔና ዮናስ የደረሰን መንደር ከደባርቅ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ አዲ አርቃይ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚጋገርበት ደጋ ነው። ወቅቱ ገብሱ ደረት የደረሰበት ነበር። መኪናው ከጥርጊያው ላይ አወረደንና በእግር ጀመርን። የሚመራን አያ ደሳለኝ የሚባሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ናቸው።

መንደሩ ሳንደርስ አንዲት ሴት ልጅ የደብተር ከረጢቷን አንጠልጥላ ከፊታችን መጣች። ገና ረፋድ ነው። ከትምህርት ቤት ምን መለሰሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ራሴን አዞረኝ» አለች።

አያ ደሳለኝ ቀበል አድርገው «ትምህርቱን ቶሎ ጨርሳው ነው፤ የዚህ አገር ልጅ ፈጣን ነው» አሉና ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ ልጆቹ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፣ ምሳ የሚባል ነገር የለም፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ዓይናቸው ይጨልማል። ስሟን ጠየቅኳት፤ ብርቄ አለችኝ። እሷ በአቋራጩ ስትሄድ ቆሜ አየኋት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ጥናቱ ሳስብ የማስበው ስለ ብርቄ ምሳ ሆነ።

መንደሩ ዳር ስንደርስ ዮናስ የላይኛዎቹን ቤቶች ያዘ፣ እኔ የታችኛዎቹን። አያ ደሳለኝ ከእኔ ጋር መጡና በመጀመሪያው ደጅ ላይ ቆመው እንዲህ ብለው አስተዋወቁኝ።

«ይቺ ሴት ጋለሞታ ናት፤ ክፉ እንዳትናገሯት።»

ደርቄ ቀረሁ። በከተማችን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለካስ በእሳቸው አገር ባል የሌላት ሴት ማለት ነው፤ ጥቁሬን አይተው ማዘናቸው ነበር። የቤቲቱ እመቤትም ከንፈሯን መጥጣልኝ አጎዛ ዘረጋችልኝ። ለተፈሪ ብነግረው እንዴት ይስቅ ነበር ብዬ አሰብኩና ወዲያው መልስ የምሞላበትን ታብሌት ከፈትኩ።

እዚያ ቤት ሁሉ ነገር አለ። ጫማ አለ ወይ ስል ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ መጣ፤ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ብርድ ልብስ አለ ወይ ስል ትልቅ፣ ወፍራም፣ ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስ ወጣ። የነብሩ አንድ ዓይን በእሳት ፍንጣሪ ተቃጥሎ የጠቀሰ ይመስላል። ሸጋ ነው አልኩ። «ሸጋ ነው» አለች። አለ፣ አለ እያልኩ ሞላሁ።

ሁለተኛው ቤትም አለ። ሰማያዊ ጫማ መጣ። ነብሩም መጣ፤ አንድ ዓይኑን ጠቅሶኛል። ገበያው ውስጥ ያለው እንዲህ ዓይነት ብቻ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ዓይኑ መቃጠሉ ግን ቅር አለኝ።

ሦስተኛው ቤት ደጁ ላይ ሁለት ልጆች ጎናቸውን ይዘው ያለከልካሉ። ከብት ሲያባርሩ ነው አሉኝ አያ ደሳለኝ፣ ከብት ግን በአካባቢው አይታይም። ጫማው ሲመጣ እርጥብ ጭቃ ነበረበት። ነብሩ ሲዘረጋ ከጆሮው ላይ የገብስ ዘለላ ወደቀ። የቤቱ እመቤት ዘለላውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረገችው። እኔም አላየሁም ብዬ ወደ ጣራው ተመለከትኩ። እዚህ ላይ በሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ጀምሮኝ ነበር። ሳቅ መሆኑን አላወቅኩም፤ ቁርጠት መስሎኛል።

አራተኛው ቤት የየሺ ነው። የሺ ወጣት እናት ናት፤ ባሏ ማሳ ላይ ነበር። ምድጃው ጥግ አራት ዓመት የማይሞላት ልጇ ተቀምጣ ታየኛለች። ትልቋ ልጇ ማን መሰለቻችሁ? ብርቄ ናት። ግን ቤት ውስጥ የለችም፤ ለአንድ ጉዳይ ተልካለች ተባልኩ።

የሺ ጥያቄዬን ሳልጀምር ጥያቄ ጀመረችብኝ።

«ጎንደር እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ግንቡስ?»

«አለ።»

«ፒያሳስ አለ?»

«ፒያሳም አለ።» ወደ ሥራዬ ልመለስ ብዬ «ብርድ ልብስ አላችሁ?» አልኳት።

«አለ እንጂ።»

«ልየው?»

«ታዪዋለሽ፤ ምነው ቸኮልሽ? ዩኒበርሲቲውስ ደህና ነው?»

ይህን ስትል ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ በጓሮው በር በኩል ውጭውን ያያል። እኔም ዞርኩ። ከላይ፣ ከዮናስ ቤቶች በኩል፣ ደረት በደረሰው ገብስ ላይ ነብር እየሮጠ ይመጣል። እግር የለውም። ገብሱን እየሰነጠቀ አንዴ ይንሳፈፋል፣ አንዴ ይሰምጣል፣ እንደገና ብቅ ሲል በዚያ በተቃጠለ ዓይኑ ይጠቅሰኛል። ከሥሩ የሚሸከሙት ልጆች ጭንቅላታቸው እንኳ አይታይም። አንዱ አደናቅፎት ይመስለኛል፣ ነብሩ በመሃል ቁጭ አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሩጫውን ቀጠለ።

እዚያ ላይ አለቀልኝ። ከሆዴ የወጣውን ድምፅ እኔም አላወቅኩትም። ታብሌቱ ከእጄ ወደቀ። ጎኔን ይዤ አጎዛው ላይ ተጋደምኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ ልናገር እሞክራለሁ፣ «ነ... ነ...» ከማለት አላልፍም። አያ ደሳለኝ ከደጅ ዘለው ገቡ።

«ሐዘኗ ተነሣባት» አሉ። «ውሃ አምጪ፣ የሺ።»

የሺ ግን ምን እንዳየሁ አውቃለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በዚህ መሃል ነብሩ በጓሮ በር ገባ፤ ከሥሩም ሁለት ላብ በላብ የሆኑ ልጆች ወጡ። አንደኛዋ ትንፋሿን ውጣ፣ እንደ ተነገራት ሳይሆን አይቀርም፣ ጮክ ብላ «ይኸው የእኛ ብርድ ልብስ» አለች። የዚያች ቤት ልጅ አይደለችም። ያን ጊዜ አያ ደሳለኝም ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ ትንሿም ልጅ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድልን ግን የሞላኋቸው መልሶች ትዝ አሉኝ። ሦስት ቤት «አለ» ብዬ ሞልቻለሁ። መንደሩ በሙሉ እንዲህ ከተሞላ ልጆቹ ምንም አልጎደላቸውም ይባላል፤ ምሳው ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል፤ ብርቄም ነገ ራሷን አዙሯት ትመለሳለች። ይህን ልነግራቸው ደግሞ አልተፈቀደልኝም።

የሺን ምነው እንዲህ አደረጋችሁ አልኳት። ያልገባኝ ነገር እንዳለ ሁሉ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ውሸት አልነገርንሽም አለች። ነብሩ በውሰት ነው የሚኖረው። ልጅ የታመመበት ቤት ይወስደዋል፤ አራስ ያለችበት ይወስደዋል። ጫማውንም ፈተና ያለበት ልጅ፣ ክርስትና የሚነሣ ዘመድ ያለው ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ልጅ ያደርገዋል። ቢጠብ እንኳ ተረከዙን አጥፎ ያደርገዋል። መጀመሪያ ማን እንደገዛው አሁን የሚያስታውስ የለም። ደጅ ወጥተሽ ስትጠሪ የሚመጣ ነገር አለ እንጂ የለም አይባልም። ጥያቄዬ «አለ ወይ» ነበር፤ እነሱም አለ አሉ።

«እንግዲህ ብርድ ልብሱ የማን ነው?» አልኳት።

«የሁላችን።»

«ብርዱስ?»

የሺ ትንሿን ልጇን አየቻት።

«ብርዱማ የየራሳችን ነው» አለች።

አያ ደሳለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሩጫውን ያቀናበሩት እሳቸው እንደሆኑ አሁን ግልጽ ሆነ። ተቆጡ ማለት አልችልም፤ ግን ቀልዱ ከፊታቸው ሄደ። እንግዳ ፊት ልጅን ከነጉድለቱ ማቆም በእሳቸው ዕድሜ ያልታየ ነገር መሆኑን ነገሩኝ። አንቺ ጽፈሽ ትሄጃለሽ፣ ማዶ ያሉት መንደሮች ግን ለዘመን ይስቁብናል አሉ።

ምሳ ይጀመራል ብል ትእዛዝ ማፍረስ ነው፤ ዝም ብል ምሳው ይሄዳል። ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ከአፌ ወጣ። ስለ ተፈሪ አወራኋቸው። ተፈሪ የሞተ ዕለት ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ድንኳኑ የዕድሩ ነበር። ወንበሩ፣ ሰሃኑ፣ ትልልቁ ድስት፣ ውሃ የምንቀዳበት በርሜል ሁሉ በውሰት የመጣ ነው።

«ድንኳኑ ውሰት ነበር፣ አያ። ሐዘኑ ግን የእኔ ነበር። የመጣውም ሰው ድንኳኑን ሊያይ አልመጣም።»

አያ ደሳለኝ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩት።

«ሰው ፊት አለቀስሽ?» አሉኝ።

«አለቀስኩ።»

«የሳቀብሽ አለ?»

«የለም።»

በዚህ መሃል ዮናስ ከላይ መጣ። ከእኛ ጋር አልነበረምና ፊቱ በጣም የተረጋጋ ነው። ሥራው እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ፤ ከዚያ አንድ ትዝብት እንደመዘገበ በኩራት ጨመረ። «የአካባቢው ሰው ነብር በጣም ይወዳል፣ እትዬ ስንዱ» አለ። የሺ ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔ አንገቴን አቀርቅሬ ጣቴን ነከስኩ። ነገሩን ሳስረዳው ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ፤ ከዚያ ግን መፍትሔውን ያመጣው እሱ ነው። ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይታይ አለ። እኔ ከታች ወደ ላይ፣ እሱ ከላይ ወደ ታች እንሂድ፤ ማንም ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ያለው ባለበት ይቆጠር፤ ቀድሞ የተሞላውንም እናስተካክላለን። የሚያስፈልገው የመንደሩ ፈቃድ ብቻ ነው።

ሁላችንም አያ ደሳለኝን አየናቸው። ወጡ፣ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሙ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በዚያ ገደል በሚያሻግር ድምፅ ተጣሩ።

«ሁላችሁም ያላችሁበት ቁሙ። ነብሩ ካለበት አይነሣ።»

ከአንደኛው ቤት ሳቅ ተሰማ፤ ከሌላውም መለሱለት። ሳቁ ከደጅ ደጅ እየተቀባበለ ወደ ላይ ወጣ። ምስጢሩ ፈንድቶ ሁሉም የተገላገለ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ቤት ሁሉ እመቤቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «የለም» ትለኛለች፤ እኔም «የለም» ብዬ እሞላለሁ፤ ተያይተን እንስቃለን። እንደዚያ ቀን የሚያስቅ «የለም» ሰምቼ አላውቅም። እየሳቅን ግን ልጆቹን አየኋቸው። ብርድ የሰነጠቀው ተረከዝ፣ በአንድ ጋቢ የሚተኙ ወንድምና እህቶች፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ አፍ። ቅድም ነብሩ ሸፍኗቸው ነበር።

በመንገዴ መሃል ብርቄን አገኘኋት። የተላከችው ለካ ጫማውን ልታደርስ ነው። አያ ደሳለኝ ባላችሁበት ቁሙ ሲሉ የእግር መንገዱ ላይ ደርሳ ነበርና እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆማለች። በያንዳንዱ እጇ አንድ አንድ ጫማ ይዛለች። እግሯ ባዶ ነው።

«ብርቄ፣ ጫማ አለሽ?» አልኳት።

እጆቿን አየች። እግሮቿን አየች። በጣም አሰበች።

«በእጄ አለ፤ በእግሬ የለም» አለች።

እስካሁን ድረስ ከእሷ የተሻለ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም። እኔ የእግሯን ሞላሁ፤ «የለም»።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዮናስ ደጋግሞ «ነብር ይወዳል» እያለ ራሱን ሲወቅስ፣ እኔ እንደገና ስጀምር፣ ሹፌሩ የሰከርን መስሎት በመስታወት ያየናል። ዳባትን ካለፍን በኋላ ድንገት ጥቁር መልበሴ ትዝ አለኝ። ደንግጬ ሳቄን አቆምኩ። ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ገብሱን፣ ነብሩን፣ የሺን ለማን ልነግር ቸኩዬ እንደነበር አስተዋልኩ፤ ከማለዳው ጀምሮ ለተፈሪ እያወራሁለት ነበር። ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ሳስብ የሚመጣብኝ አልጋው ላይ የተኛው ተፈሪ ነበር። ያን ቀን አብሮኝ የዋለው የሚቀልደው ተፈሪ ነው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ሐኪምም ተመራማሪም አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን በሌላ መንደርም ጠይቄአለሁ፤ የምጠይቀውም እንደ ድሮው አይደለም። «አላችሁ ወይ» ማለት ትቻለሁ። «ዛሬ ማታ ብርድ ልብሱን የሚለብሰው የትኛው ልጅ ነው? የቀሩት ምን ይለብሳሉ?» እላለሁ። እናንተም የሰው ቤት ገብታችሁ ሁሉ ነገር ሞልቶ ብታገኙ ቸኩላችሁ አትውጡ። በጓሮው በር በኩል አንድ ጊዜ ተመልከቱ። ቤቱ ሐዘን የገባበት ቢሆንና ሐዘንተኛዋ ብትስቅ ደግሞ ውሃ አታምጡላት፤ ተዉአት ትሳቅ።

የትምህርት ቤቱ ምሳ በቀጣዩ ዓመት ተጀመረ። ይህን የነገረችኝ የሺ ናት፤ ኔትወርክ ለማግኘት ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። ንፋሱ ግማሹን ቃል እየወሰደባት ታወራለች። ብርቄ አሁን እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ትቆያለች፤ ራሷን ካዞራት ሰንብቷል። ችግሩ አሁን ትንሿ ናት አለችኝ። ገና ለትምህርት አልደረሰችም፤ ግን እህቷን ተከትላ ያን ሁሉ መንገድ ትሄድና እኩለ ቀን ላይ ከቤት የያዘችውን ጣሳ አቅፋ ሰልፍ ትገባለች። ምሳ የምታድለው ሴት ግራ ገብቷት ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠይቃታለች።

«ምን ብላ መለሰች?» አልኳት የሺን።

«ምሳ ክፍል።»